ካሞኦአሌዋ፦ ጨረቃ ያልሆነው የመሬት ባልንጀራ

ኤፕሪል 27 ቀን 2016 በሃዋይ ሃሌአካላ ተራራ አናት ላይ ያለው ፓን-ስታርስ 1 ቴሌስኮፕ አንድ ደብዛዛ ነጥብ ቀረጸ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የቴሌስኮፑ ሥራ ይኸው ነው። ሰማዩን በየሌሊቱ ደጋግሞ ፎቶ ያነሳል። ከዋክብቱ ባሉበት ቆመው አንድ ነጥብ ብቻ ቦታውን ከቀየረ ለይቶ ያወጣዋል። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ፀሐይን የሚዞሩ የድንጋይ ቁራጮች፣ ማለትም አስትሮይዶች ሆነው ይገኛሉ። ይሄኛውም እንደ ወንድሞቹ ቁጥርና ፊደል ተሰጥቶት መዝገብ ገባ፦ 2016 ኤችኦ3።

የተለየ መሆኑ የታወቀው ምህዋሩ ሲሰላ ነው። ፀሐይን አንዴ ለመዞር 366 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የእኛዋ መሬት ያንኑ ዙር በ365 ቀን ከሩብ ትጨርሳለች። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ስሌቱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲያስኬዱት ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። አስትሮይዱ ከመሬት አጠገብ መመላለስ ከጀመረ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ገና ለጥቂት መቶ ዓመታትም አይርቅም። በየዓመቱ መሬትን የሚዞር ይመስላል፣ ግን አይዞራትም። ይህ በጁን 2016 ይፋ ሲሆን ዜናው በየቦታው "ሁለተኛ ጨረቃ ተገኘች" እየተባለ ተሠራጨ። በ2019 አስትሮይዱ የሃዋይ ቋንቋ ስም አገኘ፦ ካሞኦአሌዋ።

ስለዚህ ድንጋይ መጻፍ የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ጊዜ የአንድ አስትሮይድ ምህዋር እንደ አድራሻ ብቻ ይታያል፤ የት እንዳለ ይነግረናል፣ አለቀ። የካሞኦአሌዋ ምህዋር ግን ከዚያ በላይ ነው። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚያመለክተው የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው።

ለምን ጨረቃ አይባልም?

እስቲ ከርቀቱ እንጀምር። ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ካሞኦአሌዋ በጣም ቀረበ ሲባል የዚህን 38 እጥፍ ያህል ይርቃል። በኪሎ ሜትር ወደ 14.6 ሚሊዮን ማለት ነው። በጣም ሲርቅ ደግሞ 100 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፣ ወደ 38 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። አሁን ሌላ ቁጥር እዚህ ላይ ጨምሩበት። የመሬት ስበት አንድን ነገር ከፀሐይ ነጥቆ በራሱ ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚችለው እስከ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ካሞኦአሌዋ ከዚህ ክልል አሥር እጥፍ ያህል ውጭ ነው። ጌታው ፀሐይ ናት። መሬት ዛሬ ድንገት ከሥፍራዋ ብትጠፋ ድንጋዩ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ዙሩን ይዞራል፤ ለውጡ የሚታየው ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ታዲያ መሬትን የሚዞር የሚያስመስለው ምንድን ነው? የምህዋሩ ቅርጽ ነው። የመሬት ምህዋር ክብ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ከፀሐይ ያላት ርቀት ከ147 እስከ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። የካሞኦአሌዋ ግን ትንሽ ሞላላ ነው። ለፀሐይ ሲቀርብ ወደ 135 ሚሊዮን፣ ሲርቅ ወደ 165 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፀሐይን የሚዞር ማንኛውም አካል ሲቀርባት ይፈጥናል፣ ሲርቃት ይዘገያል። ዮሐንስ ኬፕለር ይህን ያወቀው ከ400 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ካሞኦአሌዋ ከእኛ ወደ ውስጥ ሲገባ እየፈጠነ ይቀድመናል። ወደ ውጭ ሲወጣ እየዘገየ ወደ ኋላ ይቀራል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለታችንም ዙሩን ጨርሰን እኩል እንሆናለን።

በመሮጫ ሜዳ ላይ ሁለት ሯጮችን አስቡ። አንዷ መስመሯን ሳትለቅ በእኩል ፍጥነት ትሮጣለች። ሌላው ወደ ውስጠኛው መስመር ገብቶ ይቀድማታል፣ ከዚያ ወደ ውጭኛው ወጥቶ ይዘገያል፣ ታልፈዋለች፣ እንደገና ይገባል። ዙሩን ግን በእኩል ሰዓት ይጨርሳሉ። ሯጯን ብትጠይቋት "ይሄ ሰውዬ እየዞረኝ ነው" ትላለች። ልክ ናት፣ ለእሷ የሚታያት እንደዚያ ነው። ከተመልካቹ ወንበር የሚያይ ሰው ግን ሁለቱም ሜዳውን እንጂ ማንም ማንንም እንደማይዞር ያውቃል።

ካሞኦአሌዋ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ምህዋሩ ከመሬት ምህዋር ጋር በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አልተኛም። 8 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ግማሹን ዓመት ከእኛ በላይ፣ ግማሹን ከእኛ በታች ይሄዳል። ይህን ሁሉ ደምሩትና ከመሬት ሆነው ለሚያዩት በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ፣ ትልቅና የተንጋደደ ቀለበት ይሠራል። ሳይንቲስቶቹ ይህን ዓይነቱን አካል ኳሲ-ሳተላይት ይሉታል፤ ሳተላይት የሚመስል ግን ያልሆነ።

"ሁለተኛ ጨረቃ" የሚለው አባባል የሚያናድደኝ ስህተት ስለሆነ ብቻ አይደለም። የነገሩን ውበት ይሰውራል። ጨረቃ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መሬት ያዘችው፣ ይዞራል። ካልተያዘ ግን ለምን አይሄድም? መቶ ዓመት ሙሉ ምን አስቀመጠው?

የማይያዝ፣ ግን የማይሄድ

አንድ ቀን እንኳ የማትሞላ የጊዜ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በየዓመቱ ትጠራቀማለች። የሁለቱ ዙር ትንሽ ከተለያየ ያ ትልቅ ቀለበት ከመሬት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል። የሚከለክለው ከሌለ አስትሮይዱ ውሎ አድሮ ከፀሐይ ማዶ ይደርሳል። የመሬት ስበት ሥራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። እኔ ግን ከጠፈር ሜካኒክስ ሁሉ አንጀት የሚያርስ ነገር ይሄ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሕግ እንያዝ። ፀሐይን የሚዞርን አካል ወደ ፊት፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ብትስቡት ጉልበት ያገኛል። ጉልበት ያገኘ አካል ወደ ሰፊ ምህዋር ይወጣል። ሰፊ ምህዋር ደግሞ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ወደ ፊት የተሳበው አካል መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ ብትስቡት ደግሞ ጉልበት ያጣል፣ ወደ ጠባብ ምህዋር ይወርዳል፣ ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል። ይቀድማል። ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው።

አሁን ቀለበቱ ወደ ፊት ተንሸራተተ እንበል። መሬት ከቀለበቱ መሀል ሳይሆን ከኋላኛው ጠርዝ አጠገብ ትሆናለች ማለት ነው። አስትሮይዱ በዚያ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ለመሬት ይቀርባል። በዚያች ሰዓት ከመሬት በስተኋላ ነው ያለው። መሬት ከፊቱ ስላለች ወደ ፊት ትስበዋለች። ጉልበት ያገኛል፣ ምህዋሩ ትንሽ ይሰፋል፣ በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ይዘገያል። ቀለበቱም ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ወደ ኋላ ከልክ በላይ ሲሄድ ተቃራኒው ይሆናል። በፊተኛው ጠርዝ ሲያልፍ መሬት ወደ ኋላ ትጎትተዋለች፣ ምህዋሩ ይጠባል፣ ይፈጥናል። እንዲህ እያለ ቀለበቱ ከመሬት ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ይኖራል። የመሬት ጉተታ በጣም ደካማ ነው፣ ግን በየዓመቱ በተገቢው ቦታ ላይ ይደገማል። ያ ይበቃዋል።

ይህ ሕግ ከካሞኦአሌዋ ውጭም ይሠራል። ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥ በ1772 አንድ ፕላኔት ከፀሐይ ጋር ሆኖ በምህዋሩ ላይ ሁለት የተረጋጉ ቦታዎች እንደሚፈጥር በሒሳብ አሳየ፤ ከፕላኔቱ 60 ዲግሪ ፊትና 60 ዲግሪ ኋላ። ለ134 ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። በ1906 ማክስ ቮልፍ በጁፒተር ምህዋር ላይ አኪሊስ የተባለውን አስትሮይድ አገኘ። ትሮጃን የሚባሉት እነዚህ የጁፒተር አጃቢዎች ዛሬ ከ10,000 በላይ ተቆጥረዋል። የመሬት የመጀመሪያው ትሮጃን፣ 2010 ቲኬ7፣ በ2011 ነው ይፋ የሆነው። መጠኑ ወደ 300 ሜትር ነው።

ከዚህ የባሰ የሚገርመው የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ጉዞ ነው። አስትሮይዱ ከመሬት በትንሹ ጠበብ ያለ ምህዋር ላይ ሆኖ ከኋላ እየደረሰባት ይመጣል። ሲቀርብ መሬት ወደ ፊት ትስበዋለች። ሕጉን አስታውሱ፤ ምህዋሩ ይሰፋል፣ ይዘገያል፣ ሳያልፋት ወደ ኋላ መራቅ ይጀምራል። ብዙ ዓመት ቆይቶ በሌላኛው ወገን ከፊቷ ይደርሳል። አሁን ደግሞ መሬት ትደርስበታለች። ወደ ኋላ ትስበዋለች፣ ይጠባል፣ ይፈጥናል፣ ያመልጣታል። በዚህ መንገድ መሬትን ሳያልፋትና ሳታልፈው ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው ይመላለሳል። በ1986 የተገኘው ክሩይትኒ የተባለው አስትሮይድ እንዲህ ነው የሚሄደው። ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ነው። ምህዋሩ በጣም የተለጠጠ ስለሆነ ከሜርኩሪ አካባቢ ተነስቶ ከማርስ ጎረቤት ድረስ ይወጣል። አንድ ሙሉ ምልልስ 770 ዓመት ይፈጅበታል። ፖል ዊገርት፣ ኪሞ ኢናነንና ሴፖ ሚኮላ ይህን በ1997 ሲያሳትሙ እሱንም "ሁለተኛ ጨረቃ" ያሉት ሰዎች አልጠፉም።

770 ዓመት ተቀምጦ ማየት ለሰው አይቻልም። ነገሩን በሕይወት ዘመን ማየት የፈለገ ግን ወደ ሳተርን መመልከት ይችላል። ያኑስና ኤፒሜቴውስ የተባሉት ሁለት የሳተርን ጨረቃዎች ምህዋራቸው በ50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይለያያል። የራሳቸው ስፋት ከዚህ ይበልጣል። በየ4 ዓመቱ የውስጠኛው ከኋላ ይደርሳል፣ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ ይቀያየራሉ። ሳይጋጩ። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በዚያ በቆየችባቸው ዓመታት ይህን ቅይይር ለመታዘብ በቅታለች።

ካሞኦአሌዋም እንደ ክሩይትኒ የፈረስ ጫማ ጉዞ ያውቃል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚያ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ኳሲ-ሳተላይትነት ገባ። ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ይወጣል። ከሁለቱ በአንደኛው ሆኖ የመሬትን መንገድ ሳይለቅ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወሰን አለ። በእያንዳንዱ ሽግግር ላይ ትንሽ የስሌት ልዩነት ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ "በዚህ ቀን እዚህ ነበር" ማለት አይቻልም። ተመራማሪዎች የሚያደርጉት ሌላ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ የአስትሮይዱን ግልባጮች ይፈጥራሉ፣ ሁሉንም ይለቋቸዋል፣ ከዚያ ምን ያህሉ የት እንደሚደርሱ ይቆጥራሉ።

ጨረቃን የመሰለው ብርሃን

ቤንጃሚን ሻርኪ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ ከአማካሪው ቪሽኑ ሬዲ ጋር ይህን አስትሮይድ ማጥናት ያዘ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ድንጋዩ መጀመሪያ ላይ ከ40 እስከ 100 ሜትር ተገምቶ ነበር፤ የሻርኪ ቡድን ወደ 50 ሜትር ያደርሰዋል። ይህን የምታክል ነገር ከ15 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስትታይ በባዶ ዓይን ከሚታየው ደብዛዛ ኮከብ 4 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የደበዘዘች ናት። ለመታየት የምትመቸውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኤፕሪል አካባቢ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ያቺ ጊዜ ካመለጠች የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። የተጠቀሙበት መሣሪያ በአሪዞና ግራሃም ተራራ ላይ ያለው ላርጅ ባይኖኩላር ቴሌስኮፕ ነው። እያንዳንዳቸው 8.4 ሜትር የሆኑ ሁለት መስተዋቶች አሉት።

የፈለጉት የድንጋዩን ቀለም በዝርዝር ማወቅ ነበር። የፀሐይ ብርሃን ድንጋይ ላይ ሲያርፍ አንዳንዱ የብርሃን ክፍል ይዋጣል፣ አንዳንዱ ይንጸባረቃል። የቱ ምን ያህል እንደተንጸባረቀ ሲለካ ድንጋዩ ከምን ማዕድን እንደተሠራ ፍንጭ ይሰጣል። አስትሮይዶች በዚህ መንገድ በየወገናቸው ተመድበዋል። ካሞኦአሌዋ የሲሊኬት፣ ማለትም በሲሊኮንና በኦክስጅን የተገነባ ማዕድን ያለው ድንጋይ እንደሆነ ታየ፣ ይህ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው ቅላቱ ነው። በዓይን ከማይታየው ኢንፍራሬድ ጎን ያለው ነጸብራቅ ከተለመዱት የመሬት አቅራቢያ አስትሮይዶች በጣም ይልቃል። ከብዙ ዓይነት አስትሮይድ ጋር አስተያዩት፤ አልገጠመም። የገጠመው ከሌላ ነገር ጋር ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞች ከጨረቃ ካመጡት ናሙና ጋር።

ማመን ከበዳቸው። በኤፕሪል 2020 ደግመው ሊያዩ ነበር፣ ወረርሽኙ ቴሌስኮፑን አዘጋው። በ2021 የጸደይ ወራት እንደገና ለኩት። ውጤቱ ያው ሆነ። በኖቬምበር 2021 አሳተሙት። ዓመታትን ጠብቀው፣ የራሳቸውን ውጤት ተጠራጥረው፣ እንደገና ለክተው ነው ያወጡት። ይህ ትዕግሥት በጣም ያስከብራቸዋል።

ይህ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። ቀለም ያሳስታል። ያጠነከረው ምህዋሩ ነው። ከማርስና ከጁፒተር መካከል ካለው የአስትሮይድ ቀበቶ የሚመጡ ድንጋዮች ብዙውን ጊዜ በጣም በተለጠጠ ምህዋር ነው እዚህ የሚደርሱት። መሬትን በፍጥነት አቋርጠው ያልፋሉ። ከመሬት ጋር እኩል ዓመት ይዞ፣ ክብ በሚመስል ምህዋር፣ በዝግታ አብሮ የሚሄድ ድንጋይ ከቀበቶው መጣ ለማለት ብዙ የስበት ግፊያ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መድረስ አለበት። እዚሁ አካባቢ የተወለደ ድንጋይ ግን መጀመሪያውኑ የመሬትን መንገድ ይዞ ነው የሚነሳው። ጨረቃ ላይ ትልቅ ነገር ሲወድቅ የሚፈናጠረው ድንጋይ በሰከንድ 2.4 ኪሎ ሜትር ካለፈ ከጨረቃ ስበት ያመልጣል። ከዚያ ፍጥነት ትንሽ ብቻ ያለፈው ድንጋይ ሩቅ አይሄድም። ፀሐይን መዞር ይጀምራል፣ መንገዱ ግን ከመሬት መንገድ ብዙ አይለይም።

በ2023 ሆሴ ዳንኤል ካስትሮ-ሲስኔሮስ ከሬኑ ማልሆትራና ከአሮን ሮዘንግሬን ጋር ይህን በኮምፒዩተር ፈተሹት። ከጨረቃ ገጽ የተፈናጠሩ ብዙ ሐሳባዊ ድንጋዮችን በተለያየ ፍጥነትና ከተለያየ ቦታ ለቀቁ። አብዛኞቹ እንደተጠበቀው ሌላ ቦታ ሄዱ ወይም ወደቁ። ጥቂቶች ግን የመሬትን መንገድ ተጋሩ። ከእነሱም ውስጥ እንደ ካሞኦአሌዋ በፈረስ ጫማና በኳሲ-ሳተላይት መካከል የሚመላለሱ ተገኙ። ብርቅ ነው፣ ግን ይቻላል።

በ2024 ደግሞ በይፌይ ጂያው የተመራ ቡድን አንድ እርምጃ ቀጠለ። የት ነው የተፈናጠረው? ይህን የሚያህል ድንጋይ አስወንጭፎ ለማውጣት ግጭቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጉድጓድ የሚተው መሆን አለበት። ድንጋዩ ደግሞ በመሬት አቅራቢያ ለዘላለም ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ በሥነ ምድር አቆጣጠር አዲስ ሊሆን ይገባል። በጨረቃ ላይ ሁለቱንም የሚያሟላ ብዙ የለም። ቡድኑ ያመለከተው ጆርዳኖ ብሩኖ የተባለውን ጉድጓድ ነው። 22 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከመሬት በማይታየው የጨረቃ ፊት፣ ከጠርዙ ትንሽ አለፍ ብሎ ይገኛል። ዕድሜው ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል።

ገና ያልተዘጋው ጉዳይ

እኔ ወደ ጨረቃ አደላለሁ። ቢሆንም ሌላው ወገን የሚለው መሰማት አለበት። ድንጋይ ጠፈር ላይ ሲቆይ የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈልቅ የቅንጣቶች ጅረት) እና ጥቃቅን ብናኝ እየደበደቡት ገጹ ይቀላል። ስለዚህ ከቀበቶው የመጣ፣ በጣም የተለመደ ዓይነት ሲሊኬት ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ከተደበደበ የጨረቃን ቀለም ሊመስል ይችላል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ነው። በቴሌስኮፕ ብቻ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

የድንጋዩ ሽክርክሪትም የራሱን ጥያቄ ያነሳል። ካሞኦአሌዋ በራሱ ዙሪያ አንዴ ለመዞር 28 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ በጣም ፈጣን ነው። በወገቡ ላይ የተቀመጠን ጠጠር ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል የድንጋዩ ስበት ወደ ውስጥ ከሚስበው ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በስበት ብቻ የተያያዘ የኮብልስቶን ክምር ሊሆን አይችልም። አንድ ወጥ ቁራጭ መሆኑ ያመዝናል፣ ከትልቅ ግጭት ተሰንጥቆ የወጣ። ያ ለጨረቃው ሐሳብ ይመቻል፣ ግን አያረጋግጠውም፤ አስትሮይድም ሲጋጭ ቁራጭ ያወጣል። ጥቃቅኑ ብናኝ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ገጹ ላይ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ መሀል ሌላ ድንጋይ ብቅ አለ። ኦገስት 7 ቀን 2024 በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ 2024 ፒቲ5ን አገኘ። 10 ሜትር ገደማ የሆነች ቁራጭ ናት። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ወር ገደማ ለመሬት ቀርባ ስትዘገይ ዜናው እንደገና "ሚኒ ጨረቃ" አለ። ምህዋሯ የመሬትን ይመስላል። ብርሃኗ ሲለካም የጨረቃን ድንጋይ መሰለ። አንድ ምሳሌ ብቻ ሲኖር እንግዳ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሲሆን ከጨረቃ የተፈናጠሩ፣ በመሬት መንገድ የሚንከራተቱ ድንጋዮች ወገን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የሚፈርደው ናሙና ነው። ቻይና ሜይ 29 ቀን 2025 ቲያንዌን-2 የተባለችውን መንኮራኩር ከዢቻንግ በሎንግ ማርች 3ቢ ሮኬት አስወነጨፈች። መድረሻዋ ካሞኦአሌዋ ነው። እዚህም ላይ ምህዋሩ ዋናው ነው፤ እንደ መሬት ስለሚሄድ ለመድረስ ብዙ ነዳጅ አያስፈልግም። ዕቅዱ በ2026 አጋማሽ ደርሶ ማጥናት፣ ናሙና መውሰድና በ2027 መጨረሻ ናሙናውን በካፕሱል ወደ መሬት መጣል ነው። መንኮራኩሯ ከዚያ 311ፒ ወደተባለ፣ በአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ወደሚዞር ጅራታም አካል ትቀጥላለች። ናሙና መውሰዱ ቀላል አይሆንም። በ28 ደቂቃ የሚሽከረከር፣ ስበት የለውም ሊባል የሚችል፣ ትልቅ ሕንፃ የሚያህል ድንጋይ ላይ ማረፍ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ዘዴ ይዛ ነው የሄደችው፤ በላዩ ተንሳፍፎ መውሰድ፣ ነካ አድርጎ መነሳት፣ ተጣብቆ መሰርሰር።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የኦክስጅን አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የኦክስጅን ዓይነቶች መጠን ይሆናል። በኦክስጅን ሚዛን ጨረቃና መሬት አንድ ናቸው ሊባል ይችላል። ከቀበቶው የሚመጣው ሲሊኬት ድንጋይ ግን በግልጽ ይለያል። ቀለም የሚያሳስተውን ያህል ይህ አያሳስትም። ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋዩ ለጠፈር ጨረር የተጋለጠበት ጊዜ ነው። ከጨረቃ ሆኖ ከተገኘና ጊዜው ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከወደቀ ጆርዳኖ ብሩኖ ይጠናከራል። በጣም ከረዘመ ሌላ ጉድጓድ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ከቀበቶው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የምህዋር ባለሙያዎቹ ሥራ እንደገና ይጀመራል፤ ከማርስ ማዶ የተነሳ ድንጋይ እንዴት የመሬትን ዓመት ይዞ በዝግታ አጠገባችን ሊቀመጥ እንደቻለ ማስረዳት አለባቸው።